የሥነ ሕይወት ዕቃ ድንበር ሲሻገር፦ የትኛው የመቆጣጠሪያ ቴክኖሎጂ ይቅደም?

ኢራቅ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ወደ 39 ቶን የሚጠጋ የባክቴሪያ ማራቢያ ዱቄት ከውጭ አስገባች። ዱቄቱ ምሥጢር ያለው ነገር አይደለም። ሐኪም «ካልቸር ይሠራለት» ብሎ ሲያዝ የታካሚው ናሙና የሚዘራበት፣ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ዕቃ ነው። ባግዳድም ለሆስፒታሎቼ ነው አለች። ዓመታት አልፈው በስዊድናዊው ሮልፍ ኤኬዩስ የሚመሩት የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ሒሳቡን ሲሠሩት የአገሪቱ ሆስፒታሎች ተደምረው በዓመት የሚፈጁት ከ200 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ተገኘ። ሌላም ምልክት ነበር። ሆስፒታል ይህን ዱቄት የሚገዛው ከአንድ ኪሎ በማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ከተከፈተ እርጥበት ስቦ ይበላሻልና። የኢራቅ ግን በ25 እና በ100 ኪሎ ታሽጎ ነበር የገባው። ከዚያ ሁሉ 17 ቶን የሚሆነው የት እንደደረሰ ሊረጋገጥ አልቻለም። በሐምሌ 1995 መንግሥቱ የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ፕሮግራም እንደነበረው አመነ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚቆረቁረኝ፣ ጭነቱ በድብቅ አለመግባቱ ነው። ኢንቮይስ ነበረው። የባንክ ሰነድ ነበረው። የጭነት ወረቀት ነበረው። ወረቀቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የደመረ ሰው ግን በጊዜው አልተገኘም።

ዛሬ ለዚህ ችግር መፍትሔ ነን የሚሉ ቴክኖሎጂዎች በዝተዋል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፤ የዲኤንኤ ትዕዛዝ የሚመረምር ሶፍትዌር አለ፤ ቦታው ሲቀየር ራሱን የሚቆልፍ ማሽን አለ፤ ብሎክቼይን፣ ማለትም ማንም ብቻውን ሊለውጠው የማይችል የጋራ ዲጂታል መዝገብ፣ አለ፤ ኪስ የሚገባ የጂን ማንበቢያ አለ። ሁሉንም የሚገዛ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ግን የለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለፈቃድ ሰጪዎች፣ ለጉምሩክ ባለሙያዎችና እንዲህ ያለውን ዕቃ ከውጭ ለሚያዝዙ የላቦራቶሪ ግዢ ክፍሎች ነው። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥጥሩ ምን ላይ እንደቆመ

ለሁለት ዓላማ የሚውል ዕቃ የሚባለው ክትባትም የጦር መሣሪያም ሊሠራበት የሚችለው ነው። የባዮሎጂ መሣሪያን የሚከለክለው ስምምነት በ1972 ለፊርማ ቀርቦ በ1975 ሥራ ላይ ሲውል ለማንም አታስተላልፉ አለ እንጂ የማጣሪያ አካል አላቋቋመም። የአሠራሩን ሸክም በአብዛኛው የተሸከመው የአውስትራሊያ ቡድን ነው። ኢራቅ በኢራን ላይ የኬሚካል መሣሪያ መጠቀሟ ከታወቀ በኋላ በ1985 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ 42 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት ይሳተፉበታል። ቡድኑ የጀርሞችን፣ የመርዞችንና የመሣሪያዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ያስፈጽመዋል።

ዝርዝሩ በልክ ይናገራል። ፈርመንተር (ጀርም የሚራባበት ጋን) ከ20 ሊትር ጀምሮ፣ በፍጥነት እያሽከረከረ ባክቴሪያ የሚለይ ሴንትሪፊዩጅ በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ ሲያሳልፍ፣ በቅዝቃዜ የሚያደርቅ ማሽን ደግሞ በ24 ሰዓት ከ10 ኪሎ በረዶ ጀምሮ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሌሎች መስፈርቶችም ይጨመራሉ። የፈርመንተሩ ወለል እስከ 2002 ድረስ 100 ሊትር ነበር። ዝርዝሩ እየሰፋ መሄዱንም አላቆመም። አሜሪካ በ2021 የዲኤንኤ መገጣጠሚያ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ላይ፣ በጥር 2025 ደግሞ ሴሎችን በብዙ መለኪያ በሚለዩ የላቁ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ላይ ቁጥጥር ጥላለች።

ኢትዮጵያ የቡድኑ አባል አይደለችም። ሆኖም የፀጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ 2004 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1540 ሁሉንም አገር ያስገድዳል፤ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች መንግሥታዊ ባልሆኑ ቡድኖች እጅ እንዳይገቡ የአገር ውስጥ ቁጥጥር አቋቁሙ ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ እንደ ሻጭም፣ እንደ ገዢም፣ እንደ መተላለፊያም ይመለከተናል።

ከመምረጥ በፊት ሁለት ጥያቄ

አንደኛው፣ ድንበር የሚሻገረው ነገር ምን ዓይነት ነው? ማሽን ከሆነ ትልቅ ነው፣ ተከታታይ ቁጥር አለው፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ሄዶ ማየት ይቻላል። ጀርም የያዘ ብልቃጥ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ነው፣ ደግሞም ይራባል። ዩራኒየም ሲሰረቅ ሚዛኑ ይጎድላል፤ ባክቴሪያ ግን ተቀንሶለትም መዝገቡ ሙሉ ነው፣ በማግስቱ ያንኑ ያህል ይሆናልና። ፋይል ከሆነ ደግሞ፣ የጂን ቅደም ተከተል ማለቴ ነው፣ በኢሜይል ይሄዳል፤ ቦሌ ጉምሩክም ሞጆ ደረቅ ወደብም አያየውም። ለማሽን የሚበጀው ቴክኖሎጂ ለብልቃጥ አይሠራም፤ ለብልቃጥ የሚበጀውም ፋይልን አይይዝም። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ማሳያውን እዚያው አስቁሙት።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያሳስበኛል። ሥርዓቱ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ያመለጠው ዕቃ የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉም የሚፈራው ነው። በከንቱ የተያዘው ዕቃ የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ የክትባት ማምረቻ ሥራ ይቆማል፣ በበረዶ የመጣ ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ይሞቃል፣ ወረርሽኝ ውጤቱን አይጠብቅም። የሁለቱን ስሕተት መጠን ለየብቻ የማይነግራችሁ ሻጭ ምርቱን ገና አልፈተሸውም ማለት ነው።

ትዕዛዞችን የሚደምር ሥርዓት

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማስቀምጠው ይህን ነው፤ ምንም እንኳ ከሁሉም ያነሰ «አዲስ» ቢመስልም። ሐሳቡ ቀላል ነው። የፈቃድ ጥያቄዎች፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖች፣ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫዎች (ገዢው ዕቃውን ማን ለምን እንደሚጠቀምበት የሚፈርምባቸው ወረቀቶች) እና ከተቻለም የአምራቹ የሽያጭ መዝገብ በአንድ ቋት ይገናኛሉ፤ ኮምፒዩተሩ በአስመጪ፣ በአድራሻ፣ በዕቃ ዓይነትና በዓመት ይደምራቸዋል። ከዚያ ድምሩን ከተባለው ዓላማ ጋር ያስተያያል። አንድ ሆስፒታል በዓመት ስንት ኪሎ ማራቢያ ይፈጃል? አንድ የቢራ ፋብሪካ ይህን ያህል አየር አጥብቆ የሚዘጋ ማጣሪያ ለምን ፈለገ? በባግዳድ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት ቢኖር ሁለት ነገር በአንድ ቀን ይታየው ነበር፤ የመጠኑ ብዛትና የእሽጉ ትልቅነት።

የሚለየው ትልቁ ጥንካሬው፣ በዝርዝር ውስጥ የሌለውን ዕቃ ጭምር ማየቱ ነው። ዝርዝር የሚያውቀው የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ 20 ሊትር ከተከለከለ አሥር ጊዜ 15 ሊትር የሚያዝዝ ይኖራል። ደማሪው ሥርዓት ግን አሥሩን ትዕዛዝ አንድ ላይ ያያል። ብዙ አገሮች ዕቃው በዝርዝሩ ባይኖርም ዓላማው ካጠራጠረ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉን አቀፍ አንቀጽ በሕጋቸው አላቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ያሻሻለው ደንብም ይህን ይዟል። ይህ አንቀጽ ያለ መረጃ ግንኙነት ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የተጠራጠረ ሰው ሲኖር ነው የሚሠራው፣ ለመጠራጠር ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ድክመቱም አለው። መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን ለሌላ መስጠት አይወዱም። በተለያየ አገር የተበታተነ ትዕዛዝንም ኩባንያዎችና መንግሥታት መረጃ ካልተለዋወጡ ማንም ብቻውን አይደምረውም። የአውስትራሊያ ቡድን አባላት የከለከሉትን ፈቃድ እርስ በርስ ያሳውቃሉ፤ ያጸደቁትን ግን በዚያው ስፋት አይለዋወጡም። የኢራቅ ግዢዎች ደግሞ አልተከለከሉም ነበር።

ኢትዮጵያ በ2020 የጀመረችው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ መደላድል ነው፤ የተለያዩ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን ከጉምሩክ ጋር በአንድ በር የሚያገናኝ ነውና። አዲስ ሥርዓት ከመግዛት በፊት ያለው ምን መስክ እንደሚጎድለው መጠየቅ ይሻላል። የፈርመንተሩ መጠን በሊትር፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የሚተከልበት ሕንፃ፤ እነዚህን አራት መስኮች ግዴታ ማድረግ ከማንኛውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በፊት የሚመጣ ርካሽ ሥራ ነው።

የስም ማጣሪያው ላይ ጥቂት እቆያለሁ፤ በተለይ እኛን ይጎዳልና። የተከለከሉ ሰዎችና ድርጅቶች ዝርዝር ላይ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም ለሚጠቀሙ ሕዝቦች የተሠሩ ናቸው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ ወንድማማቾች ይጋሩታል፣ ልጅ ግን ከአባቱ ጋር አይጋራውም። ዮሐንስ በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ መሐመድ ከዚያም በብዙ። ውጤቱ አንድም ተፈላጊው ያመልጣል፣ አንድም ንጹሑ አስመጪ በየጭነቱ ይያዛል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ ስሞች አስቀድሞ ይፈትነው፤ የልደት ዘመንና የንግድ ምዝገባ ቁጥር ሳይጨምር በስም ብቻ የሚወስን ከሆነ አይግዛው።

ዕቃውን የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የጉምሩኩ ኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ዕቃዎች የሚመደቡበት ዓለም አቀፍ ቁጥር፣ ቀረጥ ለመሰብሰብና ስታቲስቲክስ ለመያዝ የተሠራ ነው። ወደ 5,000 በሚጠጉ የዕቃ ቡድኖች የዓለምን ንግድ ከሞላ ጎደል ሁሉ ያካትታል፤ አደገኛውን ከአደጋ ነፃው ለመለየት ግን አልታሰበም። በ8421 ሥር ከወተት ቅባት የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ የራሱ ንዑስ ቁጥር አለው፤ በቁጥጥር ዝርዝሩ ያለው ባክቴሪያ ለይ ግን «ሌሎች» ከሚለው ጋር ይታጨቃል። የማራቢያ ዱቄት፣ ሁለት መቶ ግራምም ሆነ ሁለት ቶን፣ 3821 ነው። የ2022ቱ እትም በቅዝቃዜ ለሚያደርቁ ማሽኖች 8419.33ን መስጠቱ መልካም እርምጃ ነው፤ ያም ሆኖ ቡና የሚያደርቀውም ጀርም የሚያደርቀውም አንድ ቁጥር ላይ ናቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት እዚህ ላይ ይረዳል። የዕቃውን መግለጫ፣ የአምራቹን የቴክኒክ ወረቀትና ኢንቮይሱን አንብቦ «ይህ ፈርመንተር 30 ሊትር ነው፣ ሳይፈታ በእንፋሎት ይመከናል፣ የቁጥጥር ዝርዝሩ ይመለከተዋል» ብሎ ሊጠቁም ይችላል። በቀን በሺህ የሚቆጠር ሰነድ ለሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ የሥነ ሕይወት ትምህርት ያለው መርማሪ በየወደቡ ማስቀመጥ አይቻልምና።

ከሁለት ዓይነት ምርት ግን ምረጡ። አንደኛው ካለፉ ጥፋቶች የሚማር ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከኮሪያ ተመራማሪዎች ጋር ያሠራውና ናይጄሪያ ውስጥ የተሞከረው ዴት የተባለው ሞዴል የዚህ ወገን ነው፤ የዋጋ ማሳነስን ለመያዝ የተሠራ ሲሆን የሚማርበት ብዙ የተፈተሸ ዲክላራሲዮን ነበረው። የባዮሎጂ ዕቃ ሕገ ወጥ ዝውውር ግን፣ ምስጋና ይግባውና፣ በጣት የሚቆጠር ነው። ከጣት ቁጥር ምሳሌ የሚማር ሞዴል የለም። «በያዝናቸው የቀድሞ ጉዳዮች አሠልጥነነዋል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ስንት ጉዳይ እንደሆነ ጠይቁት። ሁለተኛው ዓይነት ጽሑፍ አንብቦ ከዝርዝሩ ጋር የሚያስተያይ ነው፤ የቀድሞ ጥፋት አያስፈልገውም። ለእኛ መስክ የሚሆነው ይህ ነው፤ ግን በየጥቆማው የትኛውን መስመር አንብቦ የትኛው የዝርዝር አንቀጽ ላይ እንደደረሰ የማያሳይ ከሆነ መርማሪው ሊያምነውም ሊያርመውም አይችልም። ያላነበበውን ቁጥር ፈጥሮ የሚሞላበት ጊዜም አለ።

ኢንቮይሱ «የላቦራቶሪ ዕቃ፣ 4 ካርቶን» ብቻ ካለስ? የትኛውም ሞዴል ያልተጻፈ ነገር አያነብም። ለዚህ ነው ከላይ ያሉትን አራት መስኮች ያስቀደምኩት።

የዲኤንኤ ትዕዛዝ ማጣሪያ

በ2018 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈረስ ፈንጣጣ ቫይረስን ከኩባንያ ካዘዟቸው የዲኤንኤ ቁርጥራጮች እንደገና መሥራታቸውን አሳተሙ። ዓላማቸው የተሻለ ክትባት ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብልቃጥን ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ መካድ አልተቻለም፤ ጀርሙ ሳይሻገር ፊደሉ፣ ማለትም የጂኑ ቅደም ተከተል፣ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ የምሰጠው ትዕዛዙ ኩባንያው ጋር ሲደርስ፣ ገና ዲኤንኤው ሳይሠራ፣ ቅደም ተከተሉንና ደንበኛውን ለሚመረምረው ሥርዓት ነው። ከወደብ ቀድሞ የሚሠራ ብቸኛው ይህ ነው።

እዚህም ምርጫ አለ። ዓለም አቀፉ የጂን ሠሪዎች ኅብረት በ2009 ተቋቁሞ አባሎቹ ትዕዛዝን በፈቃደኝነት እንዲያጣሩ አድርጓል፤ ኅብረቱ እንደሚለው የዓለምን የጂን ማምረት አቅም 80 በመቶ ያህል ይይዛል። የቀረው 20 በመቶ ነው የሚያሳስበው። ማጣሪያ ውድ ስለሆነ ሐቀኛው ኩባንያ ይከስራል፣ የማያጣራው ዋጋው ይረክሳል። ይህን ለመቀየር ሁለት ነፃ መሣሪያዎች መጥተዋል። በ2024 ጄኔቫ ላይ ሥራ የጀመረው ኢቢስ የተባለ ድርጅት የሚያቀርበው ኮመን ሜካኒዝም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኩባንያው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይጭነዋል፣ ተቆጣጣሪም እንዴት እንደሚወስን ሊያየው ይችላል። ሰኪዩርዲኤንኤ የተባለው የስዊዘርላንድ ተቋም ደግሞ ትዕዛዙን በምሥጢር ቁልፍ ሸፍኖ ይመረምራል፤ መርማሪው የደንበኛውን ንድፍ አያይም፣ ደንበኛውም የአደገኛ ዝርዝሩን አያይም። እስከ 30 ፊደል የሚያጥር ቁራጭንም ይፈትሻል።

ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እኔ ክፍቱን እመርጣለሁ፤ አሠራሩ የሚታይ ሥርዓት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይቆማል። የንግድ ምሥጢሩ ለሚያስጨንቀው ኩባንያ ሁለተኛው ይስማማል። ሁለቱንም ደርቦ መጠቀምም ይቻላል፤ ክፍያ የላቸውምና።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጥቅምት 2025 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀየረ የመርዝ ፕሮቲን ንድፍ ማጣሪያዎችን ሊያልፍ ይችል ነበር። ከማሳተማቸው በፊት ለአቅራቢዎቹ ነግረው ማስተካከያ ተደርጓል፤ ቀዳዳው ግን ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ማጣሪያ የሚገዛ ሰው በየስንት ወሩ እንደሚታደስ በውሉ ያስገባ። ሁለተኛ፣ ሕጉ ገና አልረጋም። አሜሪካ በ2024 ያወጣችው ማዕቀፍ ከ200 ፊደል ጀምሮ የነበረውን የማጣሪያ ወለል በ2026 ወደ 50 ሊያወርድ አቅዶ ነበር፤ በግንቦት 2025 የወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ማዕቀፉ እንዲከለስ አዘዘ። እንግሊዝም በ2024 መመሪያ አውጥታለች።

ለእኛ ግን የሕጉን መርጋት መጠበቅ አያስፈልግም። የምርምር ተቋማት የግዢ መመሪያ ላይ «ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ የሚገዛው ትዕዛዝ ከሚያጣራ አቅራቢ ብቻ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል። ገንዘብ አያስወጣም። የሚያጣሩትን ሐቀኛ ኩባንያዎችም ገበያ ይሰጣቸዋል።

ራሱን የሚጠብቅ ማሽን

የጃፓን የብረት መቁረጫ ማሽን አምራቾች ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ ሲነሳ የሚቆልፍ መሣሪያ ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ለመክፈት አምራቹ መጥቶ ማረጋገጥ አለበት። ይኸው ሐሳብ ለፈርመንተርና ለማድረቂያ ማሽንም፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የዲኤንኤ ማምረቻም እየቀረበ ነው። ለመጨረሻው በጣም እደግፈዋለሁ። ማሽኑ ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ ትዕዛዝ የሚያጣራ ኩባንያ መሐል ላይ የለምና፣ ማጣሪያው ማሽኑ ውስጥ ካልተሠራ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ለፈርመንተር ግን ጥንቃቄ እሻለሁ። መብራት በሚቋረጥበት፣ ኢንተርኔት በሚጠፋበት አገር ማሽኑ «ግንኙነት አጣሁ» ብሎ በክትባት ምርት መካከል ቢቆለፍ በውስጡ ያለው ምርት በሙሉ ይደፋል። ቤት ሲታደስ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ቢዛወርስ? ከአውሮፓ መሐንዲስ ይጠበቃል? እንዲህ ያለ ማሽን የሚገዛ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት መልስ በጽሑፍ ይያዝ፦ ያለ ግንኙነት ስንት ቀን ይሠራል፣ ሲቆለፍ የሚከፍተው ማን ነው፣ በስንት ቀን ውስጥ። በእኔ አመለካከት የሚቆልፍ ሳይሆን ቦታው መቀየሩን መዝግቦ የሚያሳውቅ ማሽን ለፈርመንተር ይበቃል።

ድንበር ላይ የሚያነብ መሣሪያና ብሎክቼይን

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው ሁለቱም ከሚገባቸው በላይ ስለሚወደሱ ነው። ሚናየን የተባለው 100 ግራም ገደማ የሚመዝን የጂን ማንበቢያ በ2015 ጊኒ ውስጥ በኢቦላ ወረርሽኝ መሐል ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ጉምሩክ ላይ ግን ብልቃጥ መክፈት ራሱ አደጋ ነው፤ መከላከያ ካቢኔ፣ የሠለጠነ ሰውና ሰዓታት ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ «አዎ፣ የተባለው ባክቴሪያ ነው» ይላችኋል። ጥያቄው የነበረው ግን ወዴት ነው የሚሄደው፣ ማን ፈቀደ የሚለው ነው።

ብሎክቼይን በኑክሌር መስክ ተሞክሯል። የፊንላንድ የጨረር ደኅንነት ባለሥልጣን፣ የአሜሪካው ስቲምሰን ማዕከልና የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ስላፍካ የተባለ ናሙና አሳይተዋል። እዚያ የሚቆጠር ኪሎ አለ፤ እዚህ የሚራባ ነገር ነው። ለመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ወረቀት ሊያገለግል ይችላል፤ ግን ሐሰተኛ ማኅተም ለመከላከል ዲጂታል ፊርማ ያለው ተራ የመረጃ ቋት ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። እርስ በርስ የማይተማመኑ ብዙ አገሮች አንድ መዝገብ ለመያዝ ከተስማሙ ያን ጊዜ ልመለስበት።

ቢሾፍቱ ላይ ሲታይ

ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልናገር። በ1880ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ክፉ ቀን ያልነው ረሀብ ሲመጣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር፤ ከጣልያን ጦር ጋር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች ነው የተዛመተው። በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ፣ ሰው አለቀ። ያንን በሽታ ዓለም በ2011 ከምድር መጥፋቱን አወጀ፤ የኢትዮጵያ ባለሙያዎችና እረኞች ለዚህ ደክመዋል። ዛሬ የቀረው ቫይረስ ጥቂት በተፈቀደላቸው ተቋማት ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ፓንቫክ ነው። ቫይረሱ በአውስትራሊያ ቡድን ዝርዝር ላይ አለ። አንድ በሽታ ወደብ አልፎ መግባቱ አገር ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ብዙ አይደለም።

በዚያው ከተማ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለገበሬው ክትባት ያመርታል። ክትባት ማምረቻ ደግሞ የሚፈልገው ፈርመንተር፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ በቅዝቃዜ ማድረቂያ ነው፤ ማለትም ከዝርዝሩ ላይ ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸውን በሙሉ። እንበልና አንድ የክትባት ላቦራቶሪ የ50 ሊትር ፈርመንተር ከአውሮፓ ያዝዛል። የሻጩ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ይላካል፣ ማኅተሙ አልታየም ተብሎ ይመለሳል፣ ወራት ያልፋሉ። ጥሩ ቴክኖሎጂ ይህን ሊያሳጥረው ይገባል። ደማሪው ሥርዓት አንድ ላቦራቶሪ ለዓመታት ምን እንደገዛ፣ ምን እንዳመረተ፣ ዕቃው አሁን የት እንዳለ ካወቀ አራተኛው ትዕዛዝ እንደ መጀመሪያው መጠርጠር የለበትም። የባዮሎጂ መሣሪያ ስምምነት አሥረኛው አንቀጽ ለሰላማዊ ሥራ የሚውል መሣሪያና ዕውቀት አገሮች እንዲለዋወጡ ይጠይቃል። ሁለተኛ ጥያቄዬን የማይመልስ ሥርዓት፣ የሚይዘው ምንም ያህል ቢሆን፣ ግማሽ ነው።

እንግዲህ በጀቱ ለጠበበ መሥሪያ ቤት ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። በዚህ ዓመት አራቱን መስኮች ግዴታ ያድርግ፣ በግዢ መመሪያው ላይ የዲኤንኤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨምር። ቀጥሎ የሦስት ዓመት ዲክላራሲዮኖችን በአስመጪና በዕቃ ዓይነት ይደምር፤ ለመጀመሪያው ዙር ተራ የሠንጠረዥ ሶፍትዌርና አንድ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ይበቃል። ከዚያ ጽሑፍ አንባቢውን ሞዴል ለስድስት ወር ይሞክር፤ ጥቆማዎቹን መርማሪው እያረመ፣ ትክክሉና ስሕተቱ እየተቆጠረ። የማሽን ክትትሉ ከአምራቾች ጋር በውል የሚመጣ ነው፤ ብሎክቼይኑና የድንበር ጂን ማንበቢያው ይጠብቁ።

የገዢ ላቦራቶሪም የራሱ ድርሻ አለው። የእያንዳንዱን ማሽን ፋይል ይክፈት፤ የፈቃዱን ቁጥር፣ የተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ፣ የተተከለበትን ክፍል፣ ኃላፊውን ይያዝ። ማሽኑ ሲያረጅ ደግሞ ፋይሉ እንዳይዘጋ። አሮጌ ፈርመንተር ከወንበርና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር በጨረታ ሲሸጥ ከፍተኛ ዋጋ ከሰጠው ሰው ሌላ ማን እንደወሰደው የሚመዘግብ የለም፤ በሻጩ አገር መዝገብ ላይ ግን አሁንም የዚያው ላቦራቶሪ ነው። የጨረታ ኮሚቴው ከመሸጡ በፊት ያንን ፋይል እንዲያይ፣ ገዢውም የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ እንዲፈርም ማድረግ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው።